ለፓልም ችግኝ ብስባሽ ወይስ ዩሪያ?

በአገራችን «የሚረጋ ዘይት» እየተባለ የሚጠራው የፓልም ዘይት የማይገባበት ማጀት ጥቂት ነው። ከዓለም ምርት ከአምስት እጅ አራቱን እጅ በላይ የሚያመርቱት ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ናቸው። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሦስት ሳምንታት በላይ ዘይቱ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል የዓለም ገበያ ተናግቶ ነበር። በ2021 እና በ2022 የማዳበሪያ ዋጋም እንዲሁ ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ የፓልም ዛፍ ምን ተመግቦ ያድጋል የሚለው ጥያቄ ለግብርና ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይመስለኝም።

የፓልም ዛፍ አንዴ ማሳ ላይ ከተተከለ ለ25 ዓመታት ገደማ ያፈራል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ዓመት ያህል በችግኝ ጣቢያ ይቆያል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በትንሽ፣ ቀሪውን ጊዜ በትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያድጋል። ከረጢቱ የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ከማሳ ላይ በተነሳ የላይኛው አፈር ነው። የአካባቢው አፈር ደግሞ በዝናብ የታጠበና አሲዳማ በመሆኑ ንጥረ ነገር የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። ችግኙ በየዕለቱ ውሃ ሲጠጣ የተሰጠው ማዳበሪያ ከፊሉ በከረጢቱ ቀዳዳ ታጥቦ ይወጣል።

መፍትሔው ከዘይት ፋብሪካው ጓሮ ይገኛል። ከ100 ኪሎ የፓልም ዘለላ 20 ኪሎ ገደማ ድፍድፍ ዘይት ሲወጣ፣ ፍሬው የተለቀመለት ባዶ ዘለላም ከዚያ ያላነሰ ይመዝናል። ይህ ተረፈ ምርት በፖታሲየም የበለፀገ ነው። ከዚህ ሌላ ዝቃጭ የበዛበት ፍሳሽ አለ።

የሕግ ሰው በመሆኔ ትኩረቴን የሳበው ይህ ፍሳሽ የተዳኘበት መንገድ ነው። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ደንብ የፓልም ዘይት ፋብሪካዎችን በፈቃድ ሥር አስገባች። ፍሳሹ ሲበሰብስ ከወንዙ የሚሻማው ኦክስጅን ተለክቶ ጣሪያ ተበጀለት። በ1978 በሊትር 5,000 ሚሊ ግራም የነበረው ጣሪያ ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያለ በ1984 ወደ 100 ወረደ። የፈቃዱ ክፍያም ከብክለቱ መጠን ጋር ተያያዘ። ወንዝ ውስጥ መልቀቅ ዋጋ ሲያስከፍል ተረፈ ምርቱን ወደ አፈር መመለስ አዋጭ መሆን ጀመረ።

ይሁን እንጂ ጥሬውን ዘለላ ለችግኝ መስጠት ጉዳት አለው። ካርቦኑ ከናይትሮጂኑ በ50 እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ አብስባሽ ተህዋስያን ናይትሮጂኑን ከችግኙ ይሻማሉ፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ዘለላው ይከተፋል፣ ይከመራል፣ በፍሳሹ እየራሰ ይገላበጣል። ሬሾው ወደ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ብስባሹ ለከረጢት አፈር ይደርሳል። ባዮቻር የሚባለው፣ አየር በማይበዛበት እሳት የከሰለ ተረፈ ምርት፣ የአፈሩን አሲዳማነት ይቀንሳል፤ ማዳበሪያውም ታጥቦ እንዳይሄድ ይይዛል። እርሱ ራሱ ግን ችግኙን የሚመግበው ጥቂት ነው።

ታዲያ ማዳበሪያው ምን ያህል ይቀነስ? ለሁሉም የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም፤ እንደ አፈሩና እንደ ብስባሹ ይለያያል። ብስባሽ ንጥረ ነገሩን የሚለቀው ቀስ እያለ ሲሆን ፈጥኖ የሚያድግ ችግኝ ግን ናይትሮጂን በጊዜው ይፈልጋል። ፖታሲየም ሲበዛም ችግኙ ማግኒዥየም እንዳያገኝ ይጋፋል። ጠንቃቃ ችግኝ ጣቢያ አፈሩንና ብስባሹን ያስመረምራል፤ ማዳበሪያውንም በአንድ ጊዜ ሳያቋርጥ በተለያየ መጠን ይቀንሳል። ሙሉ መጠን የሚያገኝ አንድ መደብ ለማነጻጸሪያ ያስቀርና ቁመቱን፣ የግንዱን ውፍረትና የቅጠሉን ብዛት ይለካል። በዚህ ጊዜ የተቀጨጨ ችግኝ ማሳ ከደረሰ ኪሳራው ለዓመታት ይዘልቃልና።

ይህ ነገር ከእኛም የራቀ አይደለም። የቡና ችግኝ እንዲሁ አፈርና ብስባሽ በተሞላ ፕላስቲክ ውስጥ ይፈላል። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ገለፈትና ፍሳሽ ደግሞ በጅማና በሌሎችም አካባቢዎች ወንዞችን ሲበክል ኖሯል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሁለት አስርት ዓመታት አልፈዋል። በእኔ እምነት ከማሌዥያ የምንማረው አዋጁን በሚለካ ጣሪያ፣ ከብክለቱ ጋር በሚያድግ ክፍያና ደረጃ በደረጃ በሚጠብቅ የጊዜ ሰሌዳ ማስፈጸምን ነው። ያኔ ገለፈቱ ከወንዙ ይልቅ ወደ ችግኝ ጣቢያው መንገድ ያገኛል፤ በውጭ ምንዛሪ ከምንገዛው ማዳበሪያም ጥቂቱን ያስቀርልናል።