ጅራተ ቆልማማዋ አይጥ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የካንሰር ተመራማሪዎች ከአንዲት አይጥ ዕጢ ቆርጠው በሌላዋ ቆዳ ሥር ይተክሉ ነበር። በአንዷ ላይ አድጎ ይገድላታል፤ በሌላዋ ላይ ከስሞ ይጠፋል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኧርነስት ታይዘር የመረጠው የጃፓን «ዳንሰኛ» አይጥን ነበር፤ የውስጥ ጆሮዋ ጉድለት ስላለበት ባለችበት ስትሽከረከር የምትውል ፍጥረት ናት። ዕጢዋ በዘመዶቿና ከተራ አይጥ ጋር በተዳቀሉ ልጆቿ ላይ አደገ፤ በልጅ ልጆቿ ላይ ግን እምብዛም አልያዘም። ክላረንስ ኩክ ሊትል በ1914 እ.ኤ.አ. እንቆቅልሹን ፈታው፦ ዕጢው የሚያድገው ተቀባይዋ በርካታ ዘረ መሎችን አሟልታ ስትወርስ ነው።

እነዚያ ዘረ መሎች ምን እንደሚሠሩ ፍንጭ የተገኘው ለንደን ላይ ነው። ፒተር ጎረር በ1930ዎቹ የገዛ ደሙን ፈሳሽ ከአይጦች ቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ሲቀላቅል ውጤቱ ከዝርያ ዝርያ ተለያየ። ፍለጋውን ሲቀጥል ዕጢውን ገፍተው በጣሉ አይጦች ደም ውስጥ፣ «አንቲጂን 2» ባለው ምልክት ላይ የሚዘምት ፀረ እንግዳ አካል አገኘ። ዕጢው የተባረረው ካንሰር በመሆኑ ሳይሆን ባዕድ ሥጋ በመሆኑ ነበር።

ሊትል በ1929 ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ላይ ባቋቋመው የጃክሰን ላቦራቶሪ ደግሞ ጆርጅ ስኔል ጅራታቸው የተቆለመመ አይጦችን ያዳቅል ነበር። ዕጢ ሲተክልባቸው አንድ ነገር አስተዋለ፤ የጅራቱ ቅርጽ የዕጢውን ዕጣ ቀድሞ ይናገራል። ጅራቱን የሚቆለምመው ዘረ መልና ዕጢን የሚቀበለው ወይም የሚገፋው ዘረ መል በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተጎራብተው አብረው ይወረሳሉ ማለት ነው። ጎረር በ1946 ወደ ባር ሃርበር ተሻግሮ ሁለቱ ሲተያዩ፣ ጅራቱ የጠቆመው ዘረ መልና አንቲጂን 2 አንድ ሆነው ተገኙ። በ1947 ቃጠሎ ላቦራቶሪውን ቢያወድመውም ግኝቱ በ1948 ታተመ፤ ዘረ መሉም ኤች-2 ተባለ።

ይህ ሁሉ ግን ስለ ተተከለ ዕጢ ነው። አይጧ በራሷ አካል ስለምታበቅለው ካንሰር የተነገረው በ1964 ነው፤ ፍራንክ ሊሊና ባልደረቦቹ የሉኪሚያ ቫይረስ የሚያጠቃቸውና የሚቋቋሙት አይጦች በኤች-2 ዓይነታቸው እንደሚለያዩ አሳዩ። ምክንያቱ ኋላ ላይ ጠራ። የኤች-2 ፕሮቲኖች በሕዋሱ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ቁራጭ እየያዙ ወደ ላይ አውጥተው ለነጭ የደም ሕዋሳት ያሳያሉ። የትኛውን ቁራጭ መያዝ እንደሚችሉ የሚወሰነው በወረሱት ቅርጽ ነው፤ የቫይረሱን ቁራጭ አጥብቆ የሚይዝ ቅርጽ የወረሰችው አይጥ የተበከለውን ሕዋስ ዕጢ ከመሆኑ በፊት ታጠፋዋለች።