የረቡዕ አራት ሰዓት

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» ብላ ሰሞኑን አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ደወለችልኝ። አዲስ ሥራ ይዛለች፤ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። ዘወትር ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ቀጠሮ አላት። ከጀመረች ዓመት አልፏታል፤ ተሽሏታልም። አለቃዋን ምን ብላ ታስፈቅድ? ሁለት ረቡዕ «ለቅሶ አለብኝ» ብላ ወጥታለች። «ሦስተኛውን ማንን ልግደል?» ስትለኝ ተሳሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስቅ አለኝ።

እስቲ ይህች ሰዓት የማን እንደሆነች እንጠይቅ። ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ታካሚ የተወሰነ ሰዓት እንደሚያከራይ ገልጿል። ሰዓቱ የታካሚው ነው፤ ቢቀርም ይከፍልበታል። ታካሚው የሚመጣው ደግሞ ከእሑድና ከበዓላት በቀር በየቀኑ ነበር፤ ሕመሙ ቀለል ያለለት በሳምንት ሦስት ቀን። በሳምንት ስድስት ቀን ቪየና ድረስ ሄዶ የፍሮይድን ደጅ የሚያንኳኳ ደመወዝተኛ ከየት ይመጣል? ያቺ ሰዓት የተሰፋችው ለራሱ ጊዜ ጌታ ለሆነ ሰው ልክ ነው።

ፍሮይድም ይህን አልሳተውም። በ1918 ቡዳፔስት ላይ ባደረገው ንግግር ድሃው ለቀዶ ሕክምና ያለውን ያህል መብት ለአእምሮው ሕክምናም እንዳለው ተናገረ። ተከታዮቹ በ1920 በርሊን፣ በ1922 ደግሞ ቪየና ላይ ድሃው በነጻ የሚታከምባቸው ክሊኒኮች ከፈቱ። ገንዘቡ ተቃለለ፤ ሰዓቱን ከአሠሪ የማስፈቀዱ ነገር ግን እዚያው ቀረ።

ይህን የሞከሩት አሜሪካኖች ናቸው። ቺካጎ አጠገብ የነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ በ1936 አማካሪዎች ቀጥሮ ሠራተኛው መሐል አሰማራ። ሠራተኛው በሥራ ሰዓት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ የልቡን ይናገራል፤ አማካሪው ምስጢር ይጠብቃል። ፈቃድ መለመን ቀረ! ግን አማካሪውም የፋብሪካው ደመወዝተኛ ነው። የሰማውን ብሶት የማረም ሥልጣን የለውም፤ ሥራው መስማት ብቻ ነው። ይህ ለሠራተኛው ነው ወይስ ሠራተኛው እንዳያጉረመርም? የሚሉ ተቺዎች አልጠፉም። በ1956 ፕሮግራሙ ቆመ።

እኛስ? የነፍስ አባትና የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ናቸው አልልም። አንዱ ንስሐ ይሰጣል፤ ሌላው አይሰጥም። ነገር ግን የነፍስ አባቱ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ገበሬውም እርፍ የማይጨብጥባቸው ሰንበትና የበዓል ቀኖች ነበሩት። ጊዜው በቀን መቁጠሪያው ውስጥ ስለነበረ ማንንም አያስፈቅድም። ከተማ ገብተን ደመወዝተኛ ስንሆን ቀኑን ለአሠሪ ሸጥነው። ያቺን ሰዓት ግን ለራሳችን ማስቀረት ረሳን።

ሕጉም ክፍተት አለበት። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል። የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ደግሞ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ፣ ታሞ መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ ነው። የእኔ ተማሪ ግን መሥራት አላቃታትም፤ እንዲያውም መሥራት የቻለችው በዚያች ሰዓት ነው። ይኸው አዋጅ ለቅርብ ዘመድ ሞት ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል። ልጅቷ ለቅሶን መምረጧ እንግዲህ ያለምክንያት አይደለም። ለቅሶ ሲባል ማንም አይጠይቅም። «የምክር ቀጠሮ አለኝ» ሲባል ግን ዓይን ይበዛል፤ «አበደች እንዴ?» ይከተላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን የምንተርት እኛው፣ ሰዉን መደበቅ እናስተምረዋለን።

መልሼ ደወልኩላት። «ዝርዝሩ የራስሽ ነው፤ ውሸቱ ግን ይብቃሽ። ‹በየሳምንቱ የሕክምና ቀጠሮ አለኝ፤ ሰዓቱን እተካለሁ› በይው» አልኳት። ፈራች። ማታ ወይም ቅዳሜ ይቀየርልኝ እንደሆነ ባለሙያዋንም ጠየቀች፤ ቦታው ሞልቷል። በመጨረሻ አለቃዋ ዘንድ ገባች። የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በስንት ሰዓት ትመለሻለሽ?»

አሁን ረቡዕ ረቡዕ ምሳ ሳትወጣ ትሠራለች። ዕድለኛ ናት፤ ሌላው አለቃ ሌላ ይል ነበር። አሠሪዎች ሆይ፣ ለሞተው ሦስት ቀን ከፈቀድን በሕይወት ላለው አንድ ሰዓት አንንፈገው።