ሙቀትና የሰዓት ዘንግ

ባለዘንግ የግድግዳ ሰዓት ሙቀት ሲበዛ ወደ ኋላ ይቀራል፤ የአረብ ብረቱ ዘንግ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ስለሚረዝም፣ ሰዓቱ በቀን 5 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። እንግሊዛዊው የአናጢ ልጅ ጆን ሐሪሰን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1726 ገደማ፣ ወደ ታች የሚረዝመውን ብረት ወደ ላይ በሚረዝም ናስ አቻቻለው። የሚያስደንቀው ግን፣ ብረት ስለ ምን እንደሚረዝም በዚያ ዘመን ገና አለመታወቁ ነው።

በብረት ውስጥ ያሉት አቶሞች ዘወትር ይንቀጠቀጣሉ፤ ሲቀራረቡ ብርቱ ግፊት ይመልሳቸዋል፤ ሲራራቁ ግን የሚስባቸው ኃይል ይላላል። ስለዚህ ሙቀት እንቅስቃሴያቸውን ባበዛው መጠን በመካከላቸው ያለው ርቀት ይሰፋል፤ አቶሙ ራሱ ያበጠ እንዳይመስለን።

በ1896 ስዊሳዊው ሻርል ኤድዋር ጊዮም 36 በመቶ ያህል ኒኬል ያለበትን፣ ሲሞቅ እምብዛም የማይረዝመውን ኢንቫር የተባለ ቅይጥ አገኘ፤ በ1920ም የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሰዓት ሠሪዎችም ዘንጋቸውን ከዚሁ ቅይጥ ይሠሩ ጀመር።