የማን ልጅ?

መንዝ በጥንቱ አጠራር ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ትውፊቱ እንደሚለው ስሞቹ የሦስት አቅኚ አባቶች ናቸው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠይቅ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ትውልዱን ወደ ላይ እየቆጠረ ከአቅኚው አባት መድረስ ነበረበት። «ተሰማ» የሚለው ስም ብቻውን ከመንደሩ አያልፍም፤ ከመንደሩ ሲወጣ «የማን ልጅ?» ይባላል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጥያቄ የኮምፒውተር ቋንቋ ሠሪዎችንም ከስድሳ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ፕሮግራም ጸሐፊ ለአንድ ዋጋ ስም ያወጣለታል፤ ዋጋው ስለሚለወጥ «ተለዋዋጭ» ይሉታል። ታዲያ ያ ስም እስከ የት ይታወቃል?

እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው አልጎል መልሱን በግልጽ ሰጠ። «ጀምር» እና «ጨርስ» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል የታወጀ ስም ከዚያ አጥር አይወጣም። ስሙ በውስጠኛው አጥር ከሌለ ደግሞ ወደ ውጭኛው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው እየተወጣ ይፈለጋል፤ ልክ እንደ ርስት ቆጠራው። በ1970ዎቹ የተስፋፋው ሲ በቃላቱ ፈንታ ጥምዝ ቅንፍ ተጠቀመ።

ሌላው ክርክር የትውልድና የመኖሪያ ጉዳይ ነው። የጥንቱ ሊስፕ ስምን የሚፈልገው ተግባሩ በተጻፈበት ሳይሆን በተጠራበት ቦታ ነበር፤ ከአገሩ የወጣን ሰው ባደረበት ቤት አባት እንደ መጥራት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሱስማንና ስቲል የሠሩት ስኪም ግን ስሙን ወደ ትውልድ ቦታው መለሰው።

ቅንፍ ሁሉ ደግሞ አጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጃቫስክሪፕት የሲን ቅንፍ ቢወርስም፣ በተራ ቅንፍ ውስጥ የታወጀ ስም ከቅንፉ ውጭም ይታወቅ ነበር። በቅንፉ የሚወሰን የስም አዋጅ የመጣለት በ2015 ነው።

ወደ ጽሕፈት ሥራ ስንመለስ፣ ቁም ጸሐፊ ቅዱስ ስም ሲደርስ ቀይ ቀለም ያነሣል፣ ስሙ ሲያልቅ ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። የቀዩን ወሰን የሚያውቀው ልቡ ነው። ኮምፒውተር ግን ልብ የለውም። በ1970ዎቹ በቤል ላቦራቶሪ የተሠራው ትሮፍ የፊደል ዓይነት አንዴ ከተለወጠ ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ ይቀጥላል፤ «ወደ ቀድሞው ተመለስ» ቢባልም የሚያስታውሰው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ቴክ ግን በቅንፍ ውስጥ የተደረገውን ለውጥ ቅንፉ ሲዘጋ በራሱ ይሽረዋል። ለውጡ አጥር እንዲያልፍ የሚፈልግ ሰው በግልጽ «ለሁሉም» ብሎ ማዘዝ አለበት።

ይህ ሥርዓት ለእኛም ፊደል ጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ብርሃኑ በየነ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ፣ በቴክ ላይ ለቆመው ላቴክ የግዕዝ ፊደልና ትእዛዛት አዘጋጅተዋል። በቅንፍ ውስጥ አማርኛ የመረጠ ጸሐፊ ቅንፉን ሲዘጋ ወደ ፊተኛው ቋንቋ ይመለሳል።

ብዙዎቻችን የተጠቀምንበት መንገድ ግን ሌላ ነበር። በዚያው ዘመን የነበሩ ብዙ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን የላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ አስቀመጡት። ያው አንድ ቁጥር በአንዱ ፎንት «ለ»፣ በሌላው «መ»፣ ፎንቱ በሌለበት የላቲን ፊደል ይሆናል። የፊደሉ ማንነት በዙሪያው ባለው ፎንት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

አጎቴ በ1988 ዓ.ም. የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ በኮምፒውተር አስጽፎ ነበር። ባለፈው ዓመት ፋይሉን ስከፍተው ገጹ ሁሉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ጠበቀኝ። የፎንቱን ስም የሚያስታውስ አላገኘሁም። አቅኚ አባታችን ድረስ የተቆጠረው ስም ሁሉ አለ፤ የሚያነበው ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር ሰጣቸው። «ሀ» 4608 ነው፤ ፎንቱ ቢለወጥም «ሀ» ነው። ይህ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ሲያድን የቀደመውን ግን በራሱ አይተረጉመውም። በየቤቱና በየቢሮው ያለው የዚያ ዘመን ፋይል ፎንቱን የሚያውቅ ሰው ሳለ መመለስ አለበት።

እኔ የአጎቴን ሐረግ ያገኘሁት ከታተመ አንድ ወረቀት ላይ ነው። ስም በስም እየለቀምሁ እንደ ገና ጻፍሁት።