ከአሥራ አንዱ ቀጥሎ ማን አለ?

ስለ እግር ኳስ አፌን ስከፍት የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ። «አንተ የሥነ ጽሑፍ ሰው፣ ኳስ ምን አገባህ?» ይሉኛል። አገባኝማ! በአገራችን ከግጥም ይበልጥ በብዙ ሰው አፍ የሚታረም፣ የሚሰረዝና የሚደለዝ ጽሑፍ ቢኖር የብሔራዊ ቡድን የስም ዝርዝር ነው። ይፋ በሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አገሩ ሁሉ ሐያሲ ይሆናል። ታዲያ የእኛ ሂስ አንድ የቆየ አመል አለው፤ ገጹን እስከ አሥራ አንደኛው ስም ያነብና ይዘጋዋል።

ይህን አመል ልብ ያልኩት ሚዛን ተፈሪ ነው። ጥር 2005 ዓ.ም. የቀድሞ ተማሪዬ እዚያ ያስተምር ስለነበር ለሁለት ሳምንት ያህል ሄጄ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበት ወር ነው። ከተማው በዚያ ሰሞን የሚያወራው ስለ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ቡና ዋጋና ስለ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ምርጫ። በሁለቱም ላይ ደስተኛ ሰው አላገኘሁም።

ጥር 13 አመሻሹ ላይ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተጠቅጥቀን ከዛምቢያ ጋር የተደረገውን ጨዋታ አየን። ዛምቢያ ያኔ የዋንጫው ባለቤት ናት። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ አዳራሹ እንደ ለቅሶ ቤት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣና ዘሪሁን ታደለ ተተካ። ምቡሱማ አገባብን። በአሥር ሰው ስንንገታገት ቆይተን አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን፣ ከጎኔ የተቀመጡ ጡረተኛ ድሬሰር ዓይናቸው እንባ ሞልቶ እጄን ጨበጡኝ። «ጥር 13 የኛ ቀን ናት! በ54ም በዚችው ቀን ነው ዋንጫውን የወሰድነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልክ 51 ዓመቱ ነበር።

«ያኔ ደግሞ» አሉ ቀጥለው፣ «ተቀያሪ ምናምን የሚባል ነገር የለም። አሥራ አንድ ወንድ በቃን።»

ከፊታችን የነበሩ አንድ የቡና ነጋዴ ዘወር አሉ። «መምህር፣ ቡና ሲገዙ ከላይ ያለውን ፍሬ አይዩ» አሉኝ፤ መልሱ ለድሬሰሩ ቢሆንም የተናገሩት ለእኔ ነው። «ከላይማ ሁሉም ያሳምራል። ብረቱን ከጆንያው ሥር ሰክተው ያውጡ።»

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የድሬሰሩን ክርክር ብዙ አመላለስኩት። እውነት በ1954 ዓ.ም. ያሸነፍነው በአሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው? እንደ ዛሬው ተጫዋች የሚቀያየርበት ዘመን እንዳልነበር ግልጽ ነው፤ የዓለም ዋንጫ እንኳ ቅያሪን የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ነገር ግን ቀኖቹን እንያቸው። ውድድሩ የአራት አገር ነበር። እኛ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ያሸነፍነው ጥር 6 ነው። ግብፅ (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ) ዩጋንዳን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ግን ጥር 10፣ በከተራ ዕለት ነው። ለፍጻሜው ጥር 13 ሲገናኙ የእኛ ልጆች ሳምንት ሙሉ አርፈዋል፤ ግብፆቹ ሦስት ቀን። ያውም በአዲስ አበባ ከፍታ።

ጨዋታው የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። ባዳዊ ሁለት ጊዜ አስቀደማቸው፤ ግርማ ተክለ አንዴ፣ በመደበኛው ሰዓት ማብቂያ ገደማ ደግሞ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረጉን። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ፤ 4 ለ 2። ጀግንነታቸውን ለመቀነስ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ ተመርቶ መመለስ ቀላል ልብ አይጠይቅም። ነገር ግን ተቀያሪ በሌለበት ዘመን ዕረፍት ራሱ ተቀያሪ ነበር። የደከመ እግር የሚተካበት ሌላ መንገድ ስላልነበረ፣ የቀን መቁጠሪያው ተካልን።

ሌላም ነገር አለ። እነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች ከየት መጡ? ቫሳሎዎቹ የአሥመራ ልጆች ናቸው። ሉቻኖ ስሙ የገነነው በድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነው፤ የፋብሪካ ቡድን ነው፣ ያውም የአገሪቱን ሻምፒዮና ደጋግሞ የወሰደ። መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. የተወለዱት ጅማ ነው፤ በዚሁ በቡናው አገር። (አባታቸው ጀርመን አገር ዘፈናቸውን በሸክላ የቀዱት ተሰማ እሸቴ ናቸው። እኔ ስለ ኳስ ስጽፍ ዘፋኝ ካልጠቀስኩ አይሆንልኝም።) ጅማ የተወለዱት ልጅ ግን ኳሰኛ የሆኑት አዲስ አበባ መጥተው ነው። ያኔ ኳስ ተጫዋች ይገኛል የሚባለው አዲስ አበባ፣ አሥመራና የባቡሩ ሐዲድ ያለፈበት ነበር። ከጅማ ወዲያ፣ ከቦንጋ፣ ከቴፒ፣ ከሚዛን የመጣ ሰው የሚፈለገው ለቡና ነበር።

ወደ 2005 እንመለስ። ጥር 17 ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 ቀጣችን፤ በረኛችን ዘሪሁን ነበር። ጥር 21 ከናይጄሪያ ጋር ስንገጥም ሲሳይ ባንጫ ቆመ። ብዙ ደቂቃ ያለ ግብ ያዝናቸው። ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት፤ ማብቂያው ላይ ሁለተኛ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሲሳይም በሁለተኛ ቢጫ ወጣ። ቅያሪያችንን ጨርሰናል። አማካዩ አዲስ ሕንጻ የበረኛ ማልያ አጥልቆ ከግቡ መካከል ሲቆም አየሁት። በሦስት ጨዋታ አራት ሰው በግባችን ቆመ ማለት ነው፤ ሦስቱ በረኞች ናቸው፣ አራተኛው አይደለም። ሞሰስ መታ፤ ገባ። ናይጄሪያ በመጨረሻ ዋንጫውን በላች፤ ለፍጻሜ የገጠመቻትም ያችው ቡርኪናፋሶ ናት። ስለዚህ ምድባችን የዋዛ አልነበረም፣ ይህን ለሰውነት ቢሻው ቡድን ልንመሰክርለት ይገባል።

የጆንያው ሥር ግን ወንበር ላይ የሚቀመጡ ተጫዋቾች ብቻ አይደሉም። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ከሳምንት በኋላ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ ውጤት ረታን፤ አገር በደስታ አበደ። ወዲያው ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ቅጣት ላይ እያለ ቦትስዋና ላይ መሰለፉ ታወቀ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 ሽንፈት አደረገው። ሦስት ነጥብ ሄደ! ተጫዋቹ አልበደለም፣ አሰልጣኙም ሁሉን በቃሉ ሊይዝ አይችልም። ደብተር ይዞ ቢጫ ካርድ የሚቆጥር አንድ ሰው ነበር የጎደለው። ጳጉሜን 2 ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ባንተርፈው ኖሮ፣ ያች ያልተጻፈች መስመር የዘመናት ቁጭት ትሆን ነበር። ስለ አማካይ ሌት ተቀን የተሟገተው አዳራሽ ግን ስለ ጸሐፊ አንድም ቀን አልተሟገተም።

ከብሔራዊ ቡድኑ ይልቅ ለሚዛን ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ጅማ አባ ጅፋር ነው። ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። የቡናው አገር በደስታ አላደረም እንዳትሉኝ። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ብቻውን 23 ግብ አግብቷል። ከዚያስ? ኦኪኪ ወደ ግብፅ ሄደ። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ መቐለ 70 እንደርታን ይዘው በዓመቱ፣ በ2011፣ ያንኑ ዋንጫ እንደገና አነሱ፤ ዕውቀቱ በሰውየው ሻንጣ ውስጥ ነበርና። አባ ጅፋር ያለ እነሱም አልአህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 እስከ መርታት ደረሰ (በመጀመሪያው 2 ለ 0 ተሸንፎ ስለነበር አልበቃውም)። ከዚያ እየወረደ እየወረደ በ2014 ከሊጉ ወጣ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት። የወጣውን ሰው የሚተካ ከሥር የሚያድግ ልጅ ቢኖር ኖሮ መንሸራተቱ እንዲህ ባልፈጠነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካኖች በኳሳቸው አንድ የሚያስቀና ሥርዓት አላቸው። በየዓመቱ ክለቦቹ ተሰብስበው ከየኮሌጁ የወጡ ወጣቶችን በተራ ይመርጣሉ፤ ባለፈው ዓመት ውራ የወጣው ቅድሚያ ያገኛል። እንዲሠራ ግን አንድ ነገር ያስፈልገዋል፤ ልጆቹ ቀድሞ በስም፣ በቁመት፣ በሩጫ ሰዓት ተመዝግበው መገኘት አለባቸው። የእኛ ምርጫ የሚጀምረው ልጁ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ነው። የቴፒና የበበቃ ቡና እርሻዎች በሺሕ የሚቆጠር ሠራተኛ ያስተዳደሩ ናቸው። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ሻምፒዮን ካፈራ፣ እነዚህስ ስንት ያፈሩ ነበር? ከፍተኛ ሊግ ድረስ የዘለቁት ቤንች ማጂ ቡናና ካፋ ቡና ፍሬው እንዳለ አሳይተዋል። መልማይ ግን እንደ ቡና ነጋዴ ጆንያው ያለበት ድረስ አይመጣም።

ከናይጄሪያው ጨዋታ በማግስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማሪዬ ጋር በሚዛን ዳር ዳር ስንሄድ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ሜዳ ላይ ቡድን ሲከፍሉ አገኘናቸው። ሁለት አምበሎች ቆመው በየተራ ይጠራሉ፤ አንተ ወዲህ፣ አንተ ወዲያ። ዕጣው አልቆ ሲያበቃ አንዱ ወገን በረኛ አልነበረውም። ተጨቃጨቁ፤ ማንም ሊቆም አልወደደም። በመጨረሻ ከዳር ቆሞ ያይ የነበረ፣ ማንም ያልጠራው ትንሽ ልጅ ጫማውን አውልቆ ገባ። ስንት ኳስ እንዳዳነ ቆመን ልንቆጥር ጀመርን፤ ዝናቡ መጣና ሮጥን።