ጓሳ፦ ደንብ ያቆየው ሣር

ከሊማሊሞ ዳገት ግርጌ በምትገኘው ድብ ባሕር ጓሳ አይበቅልም። ይሁን እንጂ ከገደሉ ሥር ለሚኖር አርሶ አደር የውኃው ነገር የሚጀምረው ከላይ፣ ከደጋው በመሆኑ የጓሳ ታሪክ እርሱንም ይመለከተዋል።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባለ ውርጫማ ቦታ ችምችም ብሎ የሚበቅል የዱር ሣር ነው። ሥሩ አፈር ይይዛል፤ ቅጠሉ የዝናቡን ጉልበት ሰብሮ ውኃው ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ያደርጋል። ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል። ቀይ ቀበሮ የሚያድናቸው አይጦችም መጠለያቸው እርሱ ነው።

የዚህ ሣር የጥበቃ ታሪክ ይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች አለቃ እየመረጡ ጓሳውን በጋራ ያስጠብቁ ነበር። ሣሩ እስኪጎለምስ ድረስ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። በዝግ ጊዜ ያጨደ ወይም ከብት ያሰማራ ይቀጣል። ሥርዓቱ ሣሩን ቢያቆይም ጉድለት ነበረበት፤ የርስት ሐረግ የሌለው ሰው ከጥቅሙ ተካፋይ አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት መብት ቀረ። ርስት ያልነበረውም ባለመብት ሆነ። ነገር ግን ከርስቱ ጋር አሮጌው ደንብ አብሮ በመፍረሱ ሣሩ ያለ ጠባቂ ቀረና ተጎዳ። ሕዝቡም ይህን ባየ ጊዜ ቀድሞ ያልተካፈለውን ጭምር ያቀፈ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ።

በስሜን ግን መንገዱ ሌላ ነበር። በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት ካስከተላቸው ጉዳቶች የተነሳ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. የጊጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረው፣ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ። ሣሩ እፎይ ሲል፣ ዋጋውን የከፈለው ቀዬውን የለቀቀው ገበሬ ነው።

ከሁለቱ ታሪኮች ለኅብረት ሥራ አባላት የሚተርፍ ትምህርት አለ። ደንብ ያለ እኩልነት ጥቂቶችን ብቻ ይጠቅማል፤ እኩልነትም ያለ ደንብ የጋራ ሀብትን ያስጨርሳል። ሁለቱ ሳይነጣጠሉ ሲያዙ ግን ሣሩም ሰውም በየቦታው ይቆያል።