ረዳት ተዋናይ ከየት ይመጣል? ከአምቦ የትምህርት ቤት መድረክ እስከ ወንጀል ድራማ

በወንጀል ድራማ ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚጻፈው መርማሪው ነው። ታሪኩን የምናምነው ግን መርማሪው ባነጋገራቸው ሰዎች ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ «እኔ ምንም አላየሁም» የሚል ዘበኛ፣ ሟቹን ለሃያ ዓመት የምታውቅ ጎረቤት፣ ደብተሩን እያገላበጠ ላቡን የሚጠርግ ሒሳብ ሠራተኛ፣ እየማለ የሚዋሽ ምስክር ሁሉ ማያ ገጹ ላይ የሚቆዩት ለጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ የራሳቸው ኑሮ፣ የራሳቸው ፍርሃትና የራሳቸው አነጋገር ያላቸው ሰዎች ሆነው ካልታዩ፣ መርማሪው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን ምርመራው ጨዋታ ይመስላል። ይህን ሥራ የሚሠራው በእኛ ሲኒማ ረዳት ተዋናይ የሚባለው ባለሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፦ ይህን ባለሙያ የፈጠረው ካሜራ አይደለም፤ ካሜራ ተሠርቶ አገኘው። በአሜሪካም በኢትዮጵያም ያሳደገው የቴአትር መድረክ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የዚህ መድረክ ታሪክ አንዱ ዋና መስመር የሚነሣው ከምዕራብ ሸዋ፣ ከአምቦ ነው።

ከአሜሪካ እንጀምር፤ የወንጀል ድራማ በቴሌቪዥን በሰፊው ያደገው እዚያ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1966 የታየው «ፔሪ ሜሰን» በየሳምንቱ ጥፋተኛውን ብዙውን ጊዜ ችሎት ፊት፣ በምስክር ወንበር ላይ ያናዝዘው ነበር። ጠበቃው ያው ነው፤ በየሳምንቱ የሚለዋወጡት ተከሳሾቹና ምስክሮቹ ናቸው፤ የትዕይንቱም ክብደት ያረፈው በእነሱ ትከሻ ላይ ነበር። ከ1958 እስከ 1963 የቀረበው «ኔከድ ሲቲ» ደግሞ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ይቀረጽ ስለነበር ተዋንያኑን ያገኘው ከዚያው ከተማ ቴአትር ቤቶች ነው። ሮበርት ዱቫልና ደስቲን ሆፍማን ስማቸው ሳይታወቅ በፊት በትናንሽ ሚናዎች የታዩት እዚያ ላይ ነበር። ዓለም የሚያውቀው መርማሪ ኮሎምቦም መድረክን ሳይረግጥ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1960 በአንድ የቴሌቪዥን ትዕይንት ብቅ ካለ በኋላ፣ በ1962 በተውኔት መልክ ከከተማ ከተማ ሲዞር ኮሎምቦን የተጫወተው በረዳት ተዋናይነቱ የተከበረው ቶማስ ሚቸል ነበር። ፒተር ፎክ ሚናውን የተረከበው በ1968 ነው፤ እሱም ቢሆን በ1956 በኒው ዮርክ በዩጂን ኦኒል ተውኔት የመጠጥ ቤት አስተናጋጅ ሆኖ የተጫወተ የመድረክ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 የተጀመረው «ሎው ኤንድ ኦርደር» ዘንድ ስንደርስም መርማሪ ብሪስኮን የተጫወተው ጄሪ ኦርባክ ከብሮድዌይ የሙዚቃ ተውኔት የመጣ ነው።

የእኛም ታሪክ በዚሁ ቅደም ተከተል የተጓዘ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የአማርኛ ተውኔት የአርባ ዓመት ዕድሜ አልፎት ነበር። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ከተጻፈ በኋላ፣ ተዋናይ የሚፈልቅበት ዋናው ቦታ ትምህርት ቤት ሆነ። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔት የጻፉት ለተማሪዎች ነበር፤ ልጆቹም ቃሉን በቃላቸው እያጠኑ የንጉሥን፣ የገበሬንና የአሽከርን ገጽ መልበስ ተማሩ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ስለዚህ ቴሌቪዥን ድራማ ማሳየት ሲፈልግ ተዋናይ ማሠልጠን አላስፈለገውም። ከቴአትር ቤቶቹ ተውሶ ካሜራ ፊት አቆማቸው፤ ያን ብድር ቴሌቪዥናችን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

አምቦ ወደዚህ ታሪክ የገባችው በአንድ የትምህርት ቤት ተውኔት ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ በፍልውኃዋና በማዕድን ውኃዋ ትታወቃለች። በአጠገቧ ባለችው ቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአምቦ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው፣ ስለ ንጉሥ ዳዮኒሰስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ቀርቦለታል። ከዚያ በዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች አልፎ ወደ ቺካጎ ሄደና እ.ኤ.አ. በ1959 በሕግ ተመረቀ። ጠበቃ ሆኖ አልቀረም፤ በለንደን ሮያል ኮርት፣ በፓሪስ ደግሞ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን አሠራር ተመልክቶ ተመለሰና እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን መራ። አማርኛ ተዋናይ በሙያው የጎለመሰበትን ዐሥር ዓመት የመራው ሰው፣ መድረክን በአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት የጀመረ፣ ሕግን ደግሞ በውጭ አገር የተማረ ነበር።

ያ ዐሥር ዓመት ለረዳት ተዋናይ ምን ጠቀመው? መልሱ የተመረጡት ተውኔቶች ውስጥ አለ። በጸጋዬ ትርጉም ወደ አማርኛ የመጡት «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ» እና «ሐምሌት» በመሠረታቸው የወንጀል ታሪኮች ናቸው። ኦቴሎ በአንድ መሐረብ ማስረጃነት በሚስቱ ላይ ይፈርዳል፤ ማስረጃው የተቀነባበረ መሆኑ የሚገለጠው ግድያው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ሐምሌት የአባቱን ገዳይ ለማጋለጥ ራሱ ተውኔት አዘጋጅቶ የተጠርጣሪውን ፊት ያነባል። በማክቤዝ ንጉሡ በተገደለ ሌሊት በሩ ሲንኳኳ እያዛጋ የሚወጣው በረኛ፣ በሐምሌት ደግሞ እየዘፈነ አፈር የሚያወጣው መቃብር ቆፋሪ የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ያለ እነሱ ግን የዋናዎቹ ሰዎች ኃጢአት ከምድር የራቀ ይመስላል። ጸጋዬ በራሱ ተውኔቶችም ይህን ቀጠለ። «የከርሞ ሰው»፣ «ጆሮ ደግፍ» እና «የእሾህ አክሊል» መድረኩን ከመሳፍንት ወስደው ለከተማ ምንዱባን፣ ለሥራ ፈላጊና ለቤተሰብ ጣጣ ሰጡት። ያን ዓይነት ሰው አጥንቶ መጫወት የለመደ ተዋናይ ተጠርጣሪን፣ ደላላን፣ የቀበሌ ዘበኛን ለመጫወት የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ ነበር።

ሁለቱ መስመሮች፣ የአሜሪካው የወንጀል ድራማና የእኛ መድረክ፣ በ1965 ዓ.ም. አካባቢ በአንድ ፊልም ላይ ተገናኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውና ከፊሉ በኢትዮጵያ የተቀረጸው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የኒው ዮርኩን የግል መርማሪ ወደ አፍሪካ አምጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች ላይ ያዘምተዋል። ፊልሙን የጻፈው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ቀደም ሲል «ኔከድ ሲቲ»ን ለቴሌቪዥን የፈጠረው ሰው ነው። መሪ ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ በኒው ዮርክ ከጥቁር ተዋንያን የቴአትር ጓድ የወጣ ነው። የባሪያ ነጋዴዎቹን አለቃ የተጫወተው ፍራንክ ፊንሌይ እ.ኤ.አ. በ1964 በለንደን ከሎረንስ ኦሊቪዬ ጋር በ«ኦቴሎ» ያጎን የተጫወተ ነው። በዚህ ስብስብ መካከል ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ደበበ እሸቱ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማእከል መድረክ ላይ የተገኘ፣ በሃንጋሪም ቴአትር የተማረ ሰው። ፊልሙ በምርጥነቱ የሚጠቀስ ሥራ አይደለም። ለዚህ ክርክር ግን ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የአሜሪካ መርማሪ ታሪክ አዲስ አበባ ሲደርስ ኢትዮጵያዊውን ፊት ያገኘው መድረክ ላይ ነውና። በዚያው ዓመት «ሻፍት» የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። የመድረክ ተዋናይ ድምፁን ከመጨረሻው ወንበር ለማድረስ የሠለጠነ ነው፤ የጸጋዬ ቋንቋ ደግሞ ከባድ፣ ቅኔ የተሸከመና ደረት የሚጠይቅ ነው። ካሜራ የሚፈልገው የዐይን ሽፋሽፍት ነው እንጂ የክንድ መዘርጋት አይደለም። ስለዚህ መድረክ ለወንጀል ድራማ ያተረፈው ጩኸት ነው የሚሉ አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን ላይም የመድረክ ድምፅና እንቅስቃሴ መጉላቱ አይካድም። ነገር ግን በመድረክና በካሜራ መካከል ድልድይ ሆኖ ያገለገለ ሌላ ትምህርት ቤት ነበረ፤ እሱም ሬዲዮ ነው። በአሜሪካ «ድራግኔት» እ.ኤ.አ. በ1949 በሬዲዮ ተጀምሮ በ1951 ወደ ቴሌቪዥን ሲሻገር፣ ጃክ ዌብ የድምፅ ጌጥ የሌለውን ዝቅተኛ አነጋገሩን ይዞ የተሻገረው ከማይክሮፎን ነው። በእኛም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣንና በዛብህን በአንድ ጉሮሮ ለያይቶ አሰምቷል፤ ያለ ጩኸት፣ በትንፋሽና በዝግታ ልዩነት ብቻ። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ፍቃዱ ተክለ ማርያምም በመድረክ ነገሥታትን፣ በሬዲዮ ደግሞ የልቦለድ ሰዎችን ሁሉ ተጫውቷል። ድምፅን ማጉላት የሚያውቅ ሰው ዝቅ ማድረግን መማር ይችላል፤ ሰውን ማጥናት ያልተማረ ግን ማይክሮፎን ቢቀርበውም የሚሰማው የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ለአምቦ፣ ለጉደር፣ ለጊንጪና ለሆለታ አድማጭም የተዋንያኑን ጥበብ ያደረሰው መጀመሪያ ሬዲዮ ነበር፤ የቴሌቪዥን ሥርጭት በመጀመሪያ ዘመኑ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ እምብዛም አይዘልም ነበርና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ቦታው ነው። ጸጋዬ ከአምቦ በልጅነቱ ወጥቷል፤ ሙያውን የሠራው በአዲስ አበባ ነው፤ ታዲያ አምቦን ማንሣት የትውልድ ቦታን ማወደስ ብቻ አይሆንም ወይ? ሁለት ነገሮች ይህን እንድቀበል አይፈቅዱልኝም። አንደኛው የአምቦ ትምህርት ቤት ነው፤ መድረክ የሰጠው አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት ነውና። ሁለተኛው የአካባቢው የፍርድ ባህል ነው። በአካባቢው በሚኖረው በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ጠብና ጥፋት የሚታየው ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ ሕዝብ እየሰማ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርል ኤሪክ ክኑትሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ቃሉ የተባለው የኦሮሞ መንፈሳዊ መሪ ተቋምም የሥልጣንና የዳኝነት ማእከል ሆኖ ያገለግል ነበር። በሌላው የአገራችን ክፍልም ተከራካሪዎች በቃል ውበት የሚፋለሙበት በላ ልበልሃ፣ ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲጠፋ ያካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚማማልበት አፈርሳታ ነበር። እነዚህ ሥርዓቶች ምስክር ሲዋሽ በምን እንደሚታወቅ ለሚያይ ልጅ ትምህርት ይሆናሉ። አባቱ ከአምቦ ኦሮሞ፣ እናቱ ከአንኮበር አማራ የሆኑት ጸጋዬ ሁለቱንም ወርሷል። በ1965 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ የታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተሰኘ ተውኔቱም የሚያጠነጥነው በኦዳ ዛፍና በማኅበረሰቡ ላይ በሚወርድ ብይን ዙሪያ ነው። አዲስ አበባ ያዳበረችው ተሰጥኦ እንጂ የፈጠረችው አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር ግን የሚያስደስት ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ ቴአትር፣ የማዘጋጃ ቤቱ ቴአትርና የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ሁሉም አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. ጸጋዬ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍልም የተከፈተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ክፍለ ሀገሩ ልጁን ሰጠ፤ መድረኩ ግን ወደ ክፍለ ሀገሩ ተመልሶ አልሄደም። ዛሬ ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች መብዛት ጋር ተከታታይ ድራማ በዝቷል፤ ብዙዎቹም ግድያ፣ ማጭበርበርና ምርመራ ያነሣሉ። «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ ከሁሉም በላይ የተወራለት አስናቀ በተባለው ክፉ ሰው ነበር፤ እሱን የተጫወተው አበበ ባልቻ የዓመታት የመድረክ ልምድ ያለው ተዋናይ ነው። ተመልካች አስናቀን የጠላው እየፈራና እያመነ ነው፤ ያን እምነት የሚያመጣ ሥልጠና በአንድ ወር ኮርስ አይገኝም። አሁን ባሉን ድራማዎች ውስጥ መሪዎቹ ደህና ሆነው ፖሊሱ፣ ዶክተሩና ምስክሩ ወረቀት የሚያነቡ ሲመስሉ፣ ጉድለቱ ከካሜራው ሳይሆን መድረክ ሳይረግጡ ከመምጣታቸው ነው።

አዳዲስ ተዋንያን ያለ መድረክም በተፈጥሮ ችሎታቸው ይሳካላቸዋል የሚል ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዶቹም በእርግጥ ይሳካላቸዋል። ድራማ ግን በአንድ ባለ ተሰጥኦ አይቆምም፤ በየትዕይንቱ ሃያ ሠላሳ አስተማማኝ ሰው ይፈልጋል። «ኔከድ ሲቲ» ያን ያህል ሰው ያገኘው ኒው ዮርክ ውስጥ በየምሽቱ የሚሠሩ ቴአትር ቤቶች ስለነበሩ ነው። እኛም የወንጀል ድራማችን እንዲያሳምን ከፈለግን፣ ከስቱዲዮ መብራትና ከአዲስ ካሜራ በፊት በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተውኔት በየዓመቱ እንዲሠራ ማድረግ አለብን፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። መምህሩ ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ወረዳው ጥቂት በጀት ይስጥ። ከእነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ጸጋዬ አይሆኑም፤ መሆንም አይጠበቅባቸውም። ምስክሩን፣ ዘበኛውንና ጎረቤቷን እውነተኛ ሰው አድርገው የሚያቀርቡ ባለሙያዎች ከሆኑ፣ ቴሌቪዥናችን ከመድረክ የተበደረውን መክፈል ጀመረ ማለት ነው።